የማዕዘኑ ነገር

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ አልፎ፣ አስፋልቱ በሚያልቅበት፣
ሰማያዊ ኮንቴይነር አለች፤ እሷ ናት ማተሚያ ቤት።
ከጎኗ የብሎኬት ማሽን ቀኑን ሙሉ ይደልቃል፣
ጠረጴዛዬን ያርገፈግፋል፣ ማውሱ በእጄ ይዘላል።

አቶ ጉርሜሳ መጡ ሰኞ፣ የእድራችን ጸሐፊ፤
«ለወይዘሮ ወደርየለሽ የምስጋና ወረቀት ጻፊ።
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድንኳን ጠብቃ ኖራለች፣
አንድ ሰሃን አልጎደለባት፤ ዘንድሮ ግን ታርፋለች።
እንዳትነግሪያት። ጠርዙ ደግሞ…» ስልካቸውን ዘረጉልኝ፣
ቢሾፍቱ ለሠርግ ሄደው ያነሱትን ወለል አሳዩኝ፦
የግሪክ ጥለት። መስመሩ ይሄዳል፣ በድንገት ይታጠፋል፣
ወደ ራሱ ሆድ ይገባል፣ ተመልሶ ወጥቶ ያልፋል።
«ስሙን አላውቅም ልጄ፣» አሉ፣ «ግን ወደድኩት አካሄዱን፤
ወደ ኋላ ሲልም እንኳ አያቋርጥም መንገዱን።»

አዲስ ገጽ ከፈትኩ። አሥር በአሥር ፒክስል፣
አንዲት ካሬ፤ አቀረብኳት የቤት መስኮት እስክትመስል።
በቀጭኑ እርሳስ ስድስት ወደ ቀኝ፣ አራት ወደ ታች፣
ሦስት ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ላይ፤ ቀንድ አውጣ ሆነች።
ጥቁሩን ብቻ ስከተል ነጩን ልብ አላልኩትም ለካ፤
ያልሣልኩት መንገድ አብሮ ዞሯል፣ በእኩል ስፋት እየተለካ።
ሙላ ብዬ ስጫን፣ አንዷ መቶ ሆና ተሰለፈች፣
እየተጠማዘዘች ሄዳ የወረቀቱን ዳር ጨረሰች፣

እስከ ማዕዘኑ።
እዚያ ተጋጨ ሁሉም። ግማሽ ጥምዝ ተንጠለጠለ።
የገጹ ስፋት ለአሥር አይካፈልም፣
ሰባት ፒክስል ተርፎኛል። ሰባት ፒክስል ምን ይሠራል?
ሳብኩት፣ ተወላገደ። ቆረጥኩት፣ አፉን ከፈተ።
ሴቭ ሳላደርግ መብራት ሄደ።

የብሎኬት ማሽኑም ቆመ፤ የኮንዶሚኒየሙ ውሾች ተሰሙ።
በር ላይ ወጣሁ። ከመንገዱ ማዶ
ወይዘሮ ወደርየለሽ የእድሩን ድንኳን ሣር ላይ ዘርግተው
በወስፌ ይወጋሉ። ሁለቱ ሸራ በሚገናኝበት ጥግ
ሌላ ጨርቅ አለ፣ ከማዳበሪያ ጆንያ የተቀደደ።
«ይሄ ለምን?» አልኳቸው። ቀና ሳይሉ፣ ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው፦
«ጎኑን እየሳብሽ ጥግ አታደርጊውም። በዝናብ አይተነዋል።
ጥግ ለብቻው ነው የሚቆረጠው።»

መብራት ማታ ሦስት ሰዓት መጣ። ከባዶ ጀመርኩ፤
ከገጹ ሰባት ፒክስል ቀነስኩ፣ ማዕዘኑን ለብቻው ሣልኩ፣
በየዘጠና ዲግሪው አዞርኩት፣ አራቱንም ጥግ አስያዝኩ።

ሐሙስ አቶ ጉርሜሳ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው
በጣታቸው መስመሩን ተከተሉ፤ ሦስተኛው ጥግ ላይ ጠፋባቸው፣
ሳቁ፣ እንደገና ጀመሩ።
ዞረው ሲጨርሱ መሀሉን አዩት፤ ነጭ ነው።
«ስሟስ?» አሉኝ።

ሦስት ቀን ዳር ዳር ስል ከርሜ
ስማቸውን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ።