ቃለ ጉባኤው ያልያዘው

"የተሰብሳቢ ብዛት፤ መቶ አሥራ ሁለት ሰው"
ብዬ ጻፍኩ እንጂ፣ እኔ ከየት አውቄው?
የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ
ሰው ከሰው አይለይ፤ ጨለማው እንደ ጉድ።
ግማሹን በሳሉ፣ ግማሹን በጃንጥላው
ቆጥሬ ደመርኩት። ማንስ ሊያጣራው?

አዳራሹ የኛው ነው። ጭቃና ጭድ ግድግዳ፣
ከጅማ በበቅሎ የመጣ ሰባ ሁለት ቆርቆሮ፣ አንዱ ከፋብሪካው ቀዳዳ።
ቡና ዋጋ ባወጣ ዓመት ነው የተሠራ፤
እንጨቱን አባ ፊጣ፣ ድንጋዩን አባ ዱራ፣
ጭቃውን የረገጡት ሴቶቹ ናቸው፣ በዘፈን በጭፈራ።
የነሱ ስም የለም፣ በሩ ላይ ከተጻፈው ጋራ።

ሰዎቹ በኦሮምኛ ይናገራሉ፤ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤
ወረዳ የሚያነበው እሱን ነው፣ እኔም ለወረዳ እለፋለሁ።
አባ ሜጫ ይነሳሉ፣ ስለ አንዲት ጥጃ
ግማሽ ሰዓት ያወራሉ፤ ምሳሌው፣ እንጃ፣
በጉሬዛ ይጀምርና በንብ ቀፎ ዞሮ
ከጎረቤት አጥር ሥር ያርፋል ተሽከርክሮ።
እኔ የምጽፈው፣ "አባ ሜጫ ቅሬታ አቅርበዋል" ብዬ፣
አንድ መስመር። ንቡንም ጉሬዛውንም ጥዬ።

ያልጻፍኩትን ልንገራችሁ፤ ጊዜው አልፏልና።
አንድ ቀን፣ የማዳበሪያ ዕዳ ላይ ስንከራከር ገና፣
ሲትራን ምጥ ያዛት። ወንዙ ሞልቷል፤ ወደ ጤና ጣቢያ መንገድ የለም።
ሴቶቹ ጥጉን በሽርጥ ጋረዱት። ሊቀመንበሩ "እንቀጥል" አሉ፤ የቀጠለ ግን የለም።
ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ፣
እኔ እስክሪብቶዬን እንደያዝኩ፣
ቀዳዳዋ ቆርቆሮ ጠብ፣ ጠብ ስትል፣
ልጁ ጮኸ።
የጻፍኩት፣ "አጀንዳ ሁለት ለሌላ ጊዜ ይደር ተብሏል"።
ልጁ ዛሬ ወፍጮ ቤት አለው፤ አገሩ ሁሉ "ይደር" ይለዋል።

ቡናው የታመመ ዓመት ደግሞ፣ ስብሰባ ሳይጠራ
ሰዉ እየመጣ አግዳሚው ላይ ይቀመጥ ነበር፣ ተራ በተራ።
አጀንዳ የለ፣ ሰብሳቢ የለ፣ የሚባል ነገር የለ፤
ቤቱ ብቻውን መሆን ፈርቶ ነው እዚያ የዋለ።
ያን ሰሞን ደብተር አልከፈትኩም።
ዝምታ ላይ ወረዳው ማኅተም አይመታም።

ነዚፍና ታላቁ፣ በአንዲት ክንድ ድንበር ተቀያይመው፣
ዘጠኝ ዓመት በአንድ በር አይገቡም፤ አንዱ በጓሮ ነው።
አውሎ ነፋስ ሌሊቱን ጣሪያችንን ሲገነጥል፣
ጠዋት ሁለቱም ላይ ወጥተው፣ አንዱ ለአንዱ ምስማር ሲያቀብል
አገኘናቸው። "ማን አስታረቃችሁ?" ብንል ነዚፍ ሳቀና፣
"መዶሻው አንድ ነበርና።"

አሁን ጸሐፊዋ ዘሃራ ናት፤ በቁቤ ትጽፋለች፣
ሰው እንደተናገረው፤ ምንም ታስገባለች።
ባለፈው አነበበችልን፤ የአባ ሜጫ ልጅ እንደ አባቱ ዞሮ ዞሮ
የተናገረውን በሙሉ፣ ከነቀፎው፣ ከነአጥሩ፣ ከነጓሮ።
ደስ አለኝ። ትንሽም ቀናሁ፤ እሱን ግን አትጻፊው አልኳት።
ሳቀች። የጻፈችው መሰለኝ፤ እጇ ሲሄድ አየኋት።

ዛሬ አጀንዳው ራሱ አዳራሹ ነው።
በብሎኬት አዲስ ይሠራ ይላሉ ወጣቶቹ፤ እውነት አላቸው፤
ምስጥ ምሰሶውን ጨርሶታል፣ ደብተሬንም ጀምሮታል።
አዛውንቶቹ ደግሞ፣ "የረገጥነው ጭቃ የት ይጣላል?"
ክርክሩ ሲጦፍ ዝናቡ መጣ፤ ቆርቆሮው ነጎደ፤
ሰው አፉን ሲከፍት ይታያል፣ ድምፁ ግን ሄደ።
ዘሃራ ወደ እኔ ዞረች፣ ብዕሯን ከወረቀቱ አንስታ፤
"እርስዎ ቢሆኑ ምን ይጽፉ ነበር?" በጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ ጮኻ።
አንድ ቃል ነገርኳት፣ የድሮውን፣ በአማርኛ፦
"ይደር!"
በሩ አጠገብ፣ ዱቄት የለበሰው የሲትራ ልጅ
የጠራሁት መስሎት
ቀና አለ።