ጉልበት

ሻርጃ፣ ሰናዒያ፣ ከጎሚስታው ጓሮ፣
ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ ወበቁ አየሩን ወጥሮ፤
ባሕሩ ሳይታይ ላቡ ብቻ መጥቶ
ሸሚዜ ላይ ቀረ፣ መሄጃውን አጥቶ።

ዘጠኝ ልጆች አሉኝ፣ አንድ ኳስ፣ ሦስት ጎማ፤
ጎማው የጉልዛር ነው፤ “መልሱ!” ሲል ተሰማ።
አሸዋ የሞላ ኮዳ አቅፈው፣ ጸጥ፤
ቁጢጥ፣ ብድግ፤ ቁጢጥ፣ ብድግ፤ አሁንም ቁጢጥ፤
ወዲያው ኮዳው ይጣል! እስከ አጥሩ ሩጫ፣
ደርሶ መልስ ስድስቴ፤ የለውም ማምለጫ።

“ኳሷስ?” አለ ረምዚ፣ እግሩ እንደ ሸንበቆ፣
አጥሩን ተደግፎ፣ ትንፋሹ ተናንቆ።
“ትቆይ” አልኩት እኔ። “መጀመሪያ ጉልበት።”
ልጁ እዚህ ተወልዶ፣ አማርኛ ጎድሎበት፣
“የቱ?” አለኝ፤ አንዴ ክንዱን እያሳየ፣
አንዴ ሎሚውን ነክቶ፣ መልስ ሊሰማ ቆየ።

ዝም አልኩ። ድሬዳዋ፣ በዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣
“ሩጥ!” ብቻ ነበረ ጠቅላላ ትምህርቴ፤
ሸክም አላስለመዱኝ። አንድ ቀን፣ ማንም ሳይነካኝ፣
ኳስ ይዤ ስዞር፣
ቋ! አለ ጉልበቴ፤ ጉልበቴም ከዳኝ።
አሁን ሆቴል በር ላይ የሰው ሻንጣ አነሣለሁ፤
ማንከሴን በሰላምታ ሸፍኜ አልፋለሁ።

“ሁለቱም” አልኩት። ገባው አልገባው እንጃ፤
ቁጢጥ ሲል ረዘመች በዙሪያው ሻርጃ፣
ብድግ ሲል አጠረች።

ጉልዛር ጎማዎቹን እያንከባለለ
ወሰደ፤ አንዱን ግን “ይቆያችሁ” አለ።
ኳሷ በመጨረሻ፣ ለዐሥር ደቂቃ፣ ወጣች።
ረምዚ ለቴስታ ዘሎ ባንድ እግሩ መጣ፤
ጆሮዬ “ቋ” የሚል ድምፅ ፈልጎ አጣ።