ውሃ ልክ

ደላላው ቫልዴማር ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ፣
ስለ መስኮቱ አወራ፣ ስለ ወይኑ ተራራ ተናገረ፤
«ዶውሮን ከአልጋችሁ ሳትነሱ ታዩታላችሁ» አለ፣
ዶውሮም አልጋችን ድረስ መጥቶ ሊያየን እንደሚችል ግን ዘለለ።

«ለምን ረከሰ?» አለ ዛካሪያስ፣ ጠንቃቃው ባለቤቴ፤
እኔ መልሱን አግኝቼው ነበር፣ ሶኬቱን ብቻ በማየቴ፤
የመብራቱ ሶኬት ሁሉ ከትከሻዬ በላይ ተሰቅሏል፣
በዚህ ቤት ኤሌክትሪክ እንኳ ዋና እንደማይችል አውቋል።

ሻጯ ዶና ኤቴልቪና፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
አንዳች አልደበቀችም፣ ይመስክርላት አንደበቷ፤
መቃኑ ላይ የተጫሩትን መስመሮች በጣቷ እየዳሰሰች፣
የቤተ ዘመድ ፎቶ እንደምታሳይ አንድ በአንድ አስተዋወቀች።

«ይህቺ፣ ሚስማሩ ሥር ያለችው፣ ባሌ በሕይወት ሳለ ነው፣
ሦስት በርሜል ወይን በመንገዱ ሲንሳፈፍ ያየነው፤
ይህ ከፍ ያለው፣ የገና ሳምንት የመጣው፣ ፒያኖዬን የበላው፤
ይህኛው ትንሽ ነው፣ ጨዋ ነበር፣ ምንጣፍ ብቻ ነው የነካው።»

ከመስመሮቹ መሀል ደግሞ ሌላ፣ በእርሳስ የተሠመረ፤
«ይኸስ መቼ ነው?» አልኳት፤ ፊቷ ጥቂት ተቀየረ።
«ይኼ ውሃ አይደለም» አለች፣ «አማዴዎ ነው፣ ልጄ፤
በየልደቱ ቀን ቁመቱን የለካሁት በገዛ እጄ።
ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ያንን የገና ውሃ በለጠው፣
በዚያ ክረምት ነው እግዜር ለዓይኔ እንቅልፍ የሰጠው።
አሁን ሉክሰምበርግ ነው፣ የሰው ጣራ ይጠግናል፤
ውሃ ከማይደርስበት ሆኖ፣ ‹እማማ፣ ሽጪው› ይለኛል።»

ኢንሹራንስ ቢሮ ሄድን፤ ልጅቷ ካርታውን ዘርግታ፣
ሰማያዊው ቀለም ላይ ስትደርስ ዝም አለች አንድ አፍታ፤
«እሳት እንሸፍናለን፣ ሌባም እንሸፍናለን» አለች፣
«ውሃ ግን...» ብላ፣ እስክሪብቶዋን ቀስ አድርጋ ከደነች።

ለባንኩ ቅድሚያ ክፍያ አራት ሺህ ዩሮ ጎደለ፣
አማቴ የወይራ ማሳ ሸጠው ሞሉት፤ በሆዳቸው ምን አለ?
በአፋቸው ያሉት ይኸው ነው፦ «ገንዘቤን ውሃ በላው!»
ለአባባል ነበር ያሉት፤ ወንዙ ግን ቃል በቃል ሰማው።

ለምን ገዛችሁት ለሚለኝ፣ የማይቆነጅ መልስ አለኝ፦
ተራራው ላይ ያለውን ጠየቅሁ፤ ባለቤቱ ሦስት እጥፍ አምጪ አለኝ።
ደረቅ መሬት ለባለጠጋ ነው፣ እርጥቡ ለእኛ ዓይነቱ፤
ኖኅ መርከብ ነበረው፤ የእኛ የሠላሳ ዓመት ዕዳ ነው፣ ወረቀቱ።
ደላላውም አልዋሸም፤ መስኮቱን ወድጄዋለሁ፣
ጠዋት ጉም ሲነሳ፣ ወንዙ እንደ ተኛ ሰው ሲተነፍስ አየዋለሁ።

ጥር ላይ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሳይረኑ ጮኸ ሦስቴ፤
ግድቡን ከፈቱት ማለት ነው፤ እንግዳ ሊመጣ ነው ቤቴ።
ጎረቤቴ አርሚንዳ ሳትጠራ ደረሰች፣ በቦቲና በሌሊት ልብሷ፣
«ፍሪጁ ይቅደም!» አለች፣ ባትሪዋን እንደያዘች በጥርሷ።
ጠረጴዛውን ጣሪያው ላይ ካለው መንጠቆ ሰቀልነው፤
የአሮጊቷ ባል ለምን እንደተከለው ያኔ ነው የተረዳነው።

ደረጃው አናት ቁጭ ብለን፣ ሻማ ይዘን፣ ቆጠርነው ሲወጣ፦
አንደኛው። ሁለተኛው። ድምፅ የለውም ሲመጣ፣
ድመት ነው የሚመስለው። ሦስተኛው ላይ ቆመ፣ አሰበ፤
ሊነጋ ሲል፣ እንዳፈረ ሰው፣ ወደ ኋላው ተሳበ።

ሦስት ቀን ጭቃ ጠረግን። ጭቃው ውስጥ አንድ የብር ማንኪያ፣
የማን እንደሆነ የማናውቀው፣ የወንዙ ቤት መመረቂያ።

ከዚያ ቤኔዲታን ጠራኋት፤ ተረከዟን አስጠግታ ቆመች፣
ጀርባዋን ከመቃኑ አጣብቃ፣ ትንፋሿን ይዛ አደገች።
እርሳሱን አናቷ ላይ አሳርፌ መስመሯን አሰመርኩ፣
ከዚያም፣ ከወገቧ ዝቅ ብዬ፣ የወንዙንም ቁመት ጫርኩ።
ዛካሪያስ ውሃ ልኩን አምጥቶ ሁለቱንም አስተያየው፤
«ቀጥ ብለዋል» አለ። ቀጥ ብለዋል። ያን የገናውን ግን ማን አየው?
በእሱና በልጄ መካከል አንድ ስንዝር ከአራት ጣት ቀርቷል፤
ወተትሽን ጨርሺ እላታለሁ። ደጅ፣ ካፊያ ጀምሯል።