ደረሰኝ

ቦሌ አራብሳ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ፣
አስፋልቱ ደክሞት ጭቃ ከሚረከበው ማዶ፣
በግ ሊታረድበት ታስቦ በግ ያልገባበት
አንድ አዳራሽ አለ፤ ጣሪያው ግማሽ፣ መስኮቱ ባዶ።
የምንገባበት እኛ ነን። ስማችን «ገል» ነው፣
ጎረቤት ከጎረቤት ፍም የሚዋዋስበት ስባሪ።
እኔ ሂሳብ ያዥ ነኝ፤ የምይዘው ሂሳብ ሳይኖር፣
ደብተር አስማሪ።

ፋውንዴሽኑ ቅጽ ላከ፤ አሥራ አራት ገጽ።
«የአመልካች ስም» ይላል አናቱ፣
«የአመልካች ፊርማ» ይላል ግርጌው፣
መሃል ላይ ደግሞ ሰንጠረዥ፦
«የእኩልነት አመልካች፣ በመቶኛ»።
እኔ የማውቀው ሌላውን ነበር፣
አመልካች ጣትን።
አሪየት ከታክሲ ስትወርድ ልጆች የሚቀስሩባትን፣
ትርፌ ስኳር ልትገዛ ስትገባ
ከባንኮኒው ጀርባ «የነሱ ልጅ» የሚላትን።
ያቺን ጣት
በመቶኛ ስንት ልበላት?

አሪየት ከኛ በፊት ሦስት ቴአትር ሠርታለች፤
በአንዱ ገረድ፣ በአንዱ ጋኔን፣ በአንዱ ገረድ።
ቀለም ቀቢው «አንቺስ ወጪ የለብሽም» ብሎ ሳቀ፤
እሷም ሳቀች።
ያኔ ሳቅ የደሞዟ ግማሽ ነበር።

የትርፌ እናት፣ ወይዘሮ አስካል፣ ቀጨኔ ነበሩ፤
መንገድ ሲሰፋ ወደዚህ መጡ፣ አራተኛ ፎቅ፤
ሸክላቸውን በረንዳ ላይ ያደርቃሉ።
የብሎኩ ዶሮ ሁሉ በሳቸው ድስት ይሠራል፣
ከሳቸው ጋር ግን ከአንድ ሳህን አይበላም፤
ድስቱን የወደደ ሠሪዋን ይፈራል፤
ጭቃው በእሳት ሲነጻ የሷ እጅ አይነጻም።

ይህን ሁሉ ጻፍኩ።
ቅጹ ከሁለት መቶ ቃል በላይ አይቀበልም።
አጠፋሁት። «የተገለሉ የኅብረተሰብ ክፍሎች» አልኩ፤
ተቀበለ።
ለካ ከ«ገል» እስከ «የተገለሉ»
መንገዱ አጭር ነው።

ጎብኚው መጣ፣ በነጭ መኪና፤
ጭቃው እስከ በሯ አቀፋት።
አቶ ኅሩይ ጨዋ ናቸው፤ ጫማቸውን አራግፈው ገቡ፤
ልምምዱን አይተው መነጽራቸውን ጠረጉ።
ከዚያ «ለፎቶው» አሉ፣
«አሪየት መሃል ትሁን፤ ትርፌ ሸክላ ትያዝ።»
ትርፌ ሸክላ ነክታ አታውቅም፤ የመብራት ባለሙያ ናት።
አሪየት ዞር አለች፦
«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ?
እኔ አመልካች ነኝ፣ ወይስ ምልክት?»
ካሜራው ተከደነ።
በቃ፣ ቀረ አልን።

መጣ። የጠየቅነው ሲሶ፣ ባላሰብነው ማክሰኞ።
አራት መብራት፣ ሃያ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር፣
ቆርቆሮ፣ እስከሚበቃው ድረስ።

የመጀመሪያው ምሽት ወይዘሮ አስካል ከፊት ተቀመጡ፤
ግራቸው ባዶ ወንበር፣ ቀኛቸው ባዶ ወንበር፤
ከኋላ ግን ሰው ቆሞ ነበር።
ሁለተኛውም ምሽት እንዲሁ።

ሦስተኛው ምሽት ዘነበ፤
ቆርቆሮው እስከደረሰበት ደረቅ፣ ከዚያ ወዲያ ጎርፍ።
ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ከሦስተኛ ፎቅ፣ ዣንጥላቸውን አጠፉ፤
ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣
ተቀመጡ፣
ከአስካል ክንድ አንድ ጣት ያህል ርቀው።

አሪየት ያን ምሽት ዳኛ ነበረች።
መዶሻዋን አንስታ መሬት ነጣቂውን ስትፈርድበት
ወይዘሮ እልፍነሽ «እሰይ! ደግ አደረግሽ!» ብለው
ከጎናቸው ያለውን ጉልበት መታ አደረጉ።
ጉልበቱ የአስካል ነበር።
እጁ ወዲያው አልተነሳም።

ዝናቡ ይሁን ቴአትሩ አላውቅም። አልጠየቅኳቸውም።

አሁን ሪፖርት እየሞላሁ ነው።
ለመብራቱ ደረሰኝ፣ ለወንበሩ ደረሰኝ፣
ለቆርቆሮውም፣ ከነሚስማሩ።
«ውጤት» የሚለው ሳጥን ባዶ ነው።
አንድ መዳፍ አንድ ጉልበት ነካ፤
ማኅተም የለው፣ ቲን ቁጥር የለው።
ስለዚህኛው፣ አቶ ኅሩይ፣
ያያያዝኩት ወረቀት የለም፤
ግን
ደረሰኝ።