የሌሊት ተራ

ረውዳ የአጥንት ስም ቆጥራ ቆጥራ ደክሟት፣
ገና ክርን ላይ ስትደርስ መብራት ጠፋባት።
ጦሳም በልማዱ ጉሙን ለቆ ወርዶ፣
ሰኞ ገበያን ውጦ፣ ሆጤን ጋርዶ፣
ደብተሯ ደረቷ ላይ እንደተከፈተ ሸለብ አደረጋት።

እኔ ልወጣ ነው፣ ደርሷል ተራዬ፤
ዱላ፣ ባትሪ፣ ካፖርት፣ ይሄው ነው ሥራዬ።
በሩን ስስበው ገና ትሰማኛለች፣
«ይማም፣ ቁልፍ ይዘሃል?» ትላለች፤
ጠዋት ብጠይቃት ግን ጭራሽ ረስታዋለች።

ከዚያ ነው የሚጠልቀው።
መምህሯ የነገራትን ነገረችኝ፤
ትንፋሽ ሲረጋ፣ እንቅልፉ ሲከብድ፣
እኔ ከምጠብቀው መጋዘን አይለይም አሉ፦
ቀን ደጅ የተራገፈው ጆንያ እየተቆጠረ
ወደ ውስጥ ይገባል፤
የቀረው ዝናብ ይመታዋል እዚያው እንዳደረ።

ሊነጋጋ ሲል፣ ዓይኗ ከሽፋኑ ሥር ሲንከራተት፣
አባባ በቦርከና ዳር ብቻውን ይሄዳል፣
እያንዳንዱ አጥንቱ በስሙ ሲጠራ
«አቤት» ይላል።

ነቅታ አንዱን ሳትስት ዘረዘረችው።
የአባባንም ሳቅ ቁጭ አድርጋ አስመሰለችው።

እኔ ስምንት ዓመት ሌሊት አልተኛሁም።
የቀን እንቅልፌን የሰፈር ልጆች ኳስ ይሰብረዋል።
ቁልፍ እረሳለሁ። የባልንጀራ ስም እረሳለሁ።
ያን ሳቅ
ከእሷ አፍ ካልሆነ ከየትም አላመጣው።

ዛሬም በሩን ቀስ አድርጌ ሳብኩት።
ቁልፉ? ይዣለሁ።
ረውዳ፣ ለእኔም ጨምረሽ ተኚ፤
እህሉን እኔ አለሁለት፣
ለአባባ አንቺ ዘበኛ ሁኚ።