ቀላቢ

ሃድሰን ሲረጋ፣ ትሮይ በረዶ ስትለብስ፣
የአባቴን ጣቶች በሞራ ሳሽ፣ ሳለሰልስ፣
አንድም ቀጥ ያለ አላገኝ፤ የዛፍ ሥር ይመስላሉ፤
ብርድ በነካቸው ቁጥር የድሮውን ያወራሉ።

«ይቺ ትንሿ» ይላል፣ «የደጉ ዘመን ናት፤
ወርዋሪው ከጉልበቱ በታች ክንዱን አወዛውዞ፣ እንደ ሰላምታ ሲልካት፣
መቺው ‹ከፍ አርጋት›፣ ‹ዝቅ አርጋት› እያለ ያዝዝ ነበር፣
ከሉካንዳ ደጅ ቆሞ ብልት እንደሚያስቆርጥ ባለብር።
እኔም ራቅ ብዬ ቆሜ፣ አንዴ ነጥራ ስትመጣ፣
በባዶ እጄ እቀልባት ነበር፣ ያለ ጥድፊያ፣ ያለ ቁጣ።»
ታዲያ ምን ሰበራት ብለው፣ ትከሻውን ይሰብቃል፦
«እሷንማ በር ነው። በደግ ዘመንም በር ይዘጋል።»

የቀለበት ጣቱ ግን እንደ ማጭድ ዞራለች፤
የኤመት ኮይልን ኩርባ ኳስ እስከ ዛሬ ትከተላለች።
ኮይል የባሕር ዳር ልጅ ነው፣ ዛጎል እየወረወረ ያደገ፣
ዛጎል አየር ላይ ሲታጠፍ አይቶ፣ «ኳስስ?» ብሎ የፈለገ።
«ኳስ አይታጠፍም፤ የዓይን ሽንገላ ነው» ላለው
ለኮሌጁ መምህር፣ ከብረት ማቅለጫው ጀርባ ሦስት ችካል ተክለው፣
ኮይል ለቀቃት፤ የፊተኛውን በቀኝ፣ የኋለኛውን በግራ አለፈች።
መምህሩ መነጽሩን ጠረገ።
የአባቴ ጣት ከእሱ ቀድማ አመነች።

ከዚያ ሕጉ እንደ ወንዝ ሙላት ከፍ አለ፤ መጀመሪያ ወገብ፣ ቀጥሎ ትከሻ፣
በመጨረሻ ክንድ ሁሉ ወደ ሰማይ፤ አልተገኘም መመለሻ።
በሃምሳ ጫማ ርቀት መዶሻ ሲወርድ ማን ይጠይቃል ስሙን?
አውራ ጣት ሄደ። መሃል ጣት ሄደ። ሌባ ጣትም ሰጠ ጥፍሩን።
አባቴ ከሉካንዳ የገዛትን ሙዳ ጥሬ ሥጋ መዳፉ ላይ ሸጉጦ፣
ቀጭን ጓንት ደርቦ፣ ዘጠኝ ዙር ይቆማል፣ ከንፈሩን በጥርሱ ረግጦ።
ማታ እናቴ ያችኑ ሙዳ አጥባ፣ ከጎመን ጋር ቀቅላ ታቀርብልናለች።
እኛ ስድስት ነበርን። ሥጋዋ ለስላሳ ነበረች።
ኳስ እየቀለበ፣
እንዲህ አድርጎ ቀለበን።

አሁን ወርዋሪውን ስልሳ ጫማ ከምናምን ወደ ኋላ ገፍተውታል፤
ቀላቢውም ፍራሽ የሚያህል ጓንት ለብሶ፣ ፊቱን በሽቦ ሸፍኖታል።
«የዛሬ ልጆች ጣታቸው ሁሉ ቀጥ ያለ ነው» ይላል አባቴ፣ ሐሜት በመሰለ ድምፅ።
ኮይልም ክንዱ ከትከሻው በላይ አልነሳ ብሎት፣ የኮሌታ ፋብሪካ በር ይጠብቃል፤ ደመወዙ ትንሽ፣ ጢሙ ነጭ።

እሁድ ማታ ሲመጣ ባርኔጣውን ሳያወልቅ ከቅርጫቱ ድንች ያነሳል፤
«ድሬሸር፣ ቅለብ!» ብሎ፣ ከጉልበቱ በታች፣ በቀስታ ይልካል።
ያ የዛፍ ሥር ይከፈታል።
ድንቿ በጣቶቹ ጉድጓድ መሃል፣
እነዚያ ሁሉ ስብራቶች እሷን ሲጠብቁ እንደኖሩ፣
ድምፅ ሳታሰማ ትገባለች።