የባከነ ትንፋሽ

በኤል አልቶ ሌሊት፣ ቆርቆሮው በውርጭ ሲንቋቋ፣
ሳቱርኒና ተኝታለች።
ከጎድኗ ሥር ግን አንድ ሠራተኛ አለ፣
ሳይጠሩት የመጣ፣ «ደመወዝ» ያላለ።
ዝቅ ይላል ድያፍራሙ፣ ደረቷም ይሰፋል፤
ሲመለስ አየሩ በቀስታ ያልፋል።
አሥራ ስድስት ጊዜ በደቂቃ፣ ቆጥሬያለሁ፤
እንቅልፍ ሲነሳኝ ሌላ ምን እሠራለሁ?

እሑድ ግን ዳኛ ናት።
አየሩ በሳሳው፣ አቧራ በሞላው የሰፈር ሜዳ ላይ
ኳስ ተከትላ ስትበር፣
እኔ፣ ባሏም መስመር ዳኛዋም፣ ባንዲራ ይዤ ከዳር ሳይ፣
ከእግሯ ምድጃ ጭሱ፣ ደሟን ተከትሎ፣
የአንጎሏን ደጅ መታ፣ «ክፈቱልኝ» ብሎ።

ያን ጊዜ ደቦ ነው።
የጎድን ጡንቻዎች፣ የአንገት ጅማቶች ተጠሩ፣
ሌሊት የሰነፈው ሆድ እንኳ ሊገፋ ቆመ ከበሩ፤
አፍንጫ ስለጠበበ አፏም በር ሆነ፣
ልቧም ለደቦው ዜማ ምቱን አፋጠነ።

ዘጠና ደቂቃ። የባከነውም አለቀ።
አንድ ለአንድ ናቸው።
ፊሽካው ከከንፈሯ ደረሰ፤
ትንፋሽ ግን የለም፣ የነበረው ሁሉ ለእግሯ ፈሰሰ።
አንዴ ሳበች፣ ለፊሽካው ሳይሆን ለራሷ፤
በዚያች መሃል መረብ ውስጥ ገባች ኳሷ።

ጭብጨባ። ስድብ። የብርቱካን ልጣጭ።
እኔን ሲጠይቁኝ «ሰዓት ነበረ» ብዬ ዋሸሁ።

ማታ አውቶቡስ ውስጥ፦
«ሰረቅሁ ወይስ ሰጠሁ፣ ዴልፊን?»
መልስ ስፈልግላት እንቅልፍ ጣላት።
ደቦው ተበትኗል፤
ያ አንዱ ብቻ ቀርቷል፣ ዝቅ፣ ከፍ።
መስታወቱ በትንፋሿ ጉም ለበሰ፤
በጣቴ «ሁለት ለአንድ» ብዬ ጻፍኩበት፤
የሚቀጥለው ትንፋሿ ሸፈነው።